ካሳ ከፋይ ቀለበት

በካራ-ባልታ ዳር፣ መንገዱ ወደ አሹ ሽቅብ ሲጀምር፣
ጋራዥ አለችኝ፤ ናፍጣ የጠጣች፣
ደጇ ላይ ካሚዮን የሚደረደር።

ኦሮዝባይ መጣ፣ በኅዳር፣ በማለዳ፣
ከሱሳሚር ማዶ ድርቆሽ ተሸክሞ፤
«ዘይት ቀይሪልኝ፤ ፍሪሲዮኑን ተዪው፣
እግሬ ያውቀዋል፣ ዛሬም እንደ ቀድሞ።»

አርባ ዓመት ነድቷል። በአሮጌው ዚል ጊዜ
ሸራው በሳሳ ቁጥር ፔዳሉ ይከብዳል፣
ጉልበት ይጠይቃል፣ ጭን ያንቀጠቅጣል፤
እሱም ይወርድና፣ በጀርባው ተንጋሎ፣
ዳዶውን በቁልፍ ሩብ ዙር ያጠብቃል።
መኪናና እግሩ እንዲህ ይጨዋወቱ ነበር፣
አንዱ ሲያማርር አንዱ እየመለሰ፤
ድካም ቋንቋ ነበረው፣
ከተረከዝ ተነስቶ ወገብ የደረሰ።

የዛሬው ግን አያማርርም።
ሽታው ነው የነገረኝ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ፤
ካምቢዮውን አውርጄ፣ ከፍቼ አሳየሁት።

እያት ኦሮዝባይ፣ ይህች ቀለበት ናት፣
ዙሪያዋን ዳገት የተቀረጸባት፤
ይህች ደግሞ ሽብልቅ፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣
ይህች ትንሿ ሞላ፣
የእናቱን ቀሚስ እንደሚጎትት ልጅ ዕረፍት የሌላት።
አንተ ተራራ ስትወጣ፣ ሸራው ሲበላ፣
ፀጉር የምታህል ክፍተት ስትፈጠር፣
ሞላዋ ትስባለች፣ ሽብልቋ ትገባለች፣
ቀለበቷ ትዞራለች፣ ዓይን ሳያይ፣ ጆሮ ሳይሰማ፤
የጎደለው ይሞላል፣ ካሳው ይከፈላል፣
ትልቁ ሞላ እንኳ ወሬውን አልሰማ።
ፔዳሉ ባለበት፣ ክብደቱ ባለበት፣
እግርህ «ሰላም ነው፣ ሰላም ነው» ሲል ኖሮ፣
ሸራው አልቋል፤ ይኸው፣
ችንካሩ ቮላኖውን ሲነክሰው አድሮ።

ዝም አለ። ጣቱን ልሶ ነካው
ነሐስ የጫረውን የብረት ጠባሳ።
«ታዲያ» አለኝ፣ «ካሳ ማለት
የተበደለው ሳያውቅ የሚከፈል ነው እንዴ?
እኔ የማውቀው ካሳ፣
ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጥፋት ተቆጥሮ፣
በግ ታርዶ ነው ቂም የሚረሳ።»

መልስ አልነበረኝም።
ወንድሜ ሞስኮ የሄደ ጊዜ
ክፍተቱን እኔ ነኝ በፀጉር በፀጉር የሞላሁት፤
ውሃውን፣ ከሰሉን፣ የላሟን መድኃኒት፣
የማታ ሳቁን ሳይቀር በአፌ የሳቅሁት።
እናቴ ለጎረቤት «ቤቴ አልጎደለም» ትላለች።
እውነቷን ነው።
ፔዳሉ ባለበት ነው።

«አልዋሸህም» አልኩት፣ «አይጮህም እንጂ ይናገራል።
ከካምቢዮው ቤት ጎን፣ ጭቃ የሸፈናት፣
ሸራው በሳሳ ቁጥር ብቅ የምትል ዘንግ አለች።
የሚያነባት ግን በጀርባው የተንጋለለ ነው፤
ለእግር አልተጻፈች።»

አዲሱን ገጠምኩለት፣ ቀለበቷ ገና ከመነሻዋ ላይ።
ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረ፣
ሰው እንዳያየው ግራ ቀኝ ገልመጥ አለ፤
ከዚያ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣
ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ
በረዶው ላይ ተንጋለለ።

«የት ነች?» አለኝ ከታች፣ «ባትሪ አብሪልኝ እስቲ።»
ተንበርክኬ አበራሁለት።
ጭቃዋን በአውራ ጣቱ ጠረገላት፤
ሲያነብ
ከንፈሩ እንደ ተማሪ ይንቀሳቀስ ነበር።