መንገዱ ይቅና

«ነገ ይነሳልሻል» ብሎኝ ነበር ቦሁሚር፤
ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያድር
ሆዱ የተዘረገፈ ያ አሮጌ ማተሚያ፤
ክዳኑ በመጋዝ ተቆርጦ ወዲያ፣
ብሎኑ በሻይ ብርጭቆ፣
ሽቦው በዳቦ ቢላ ተልጦ፣ ተላቅቆ።
እራታችንንም እንደ ባቡር መንገደኛ
በጉልበታችን ይዘን እንበላለን እኛ።

ለደወሉ ነው ይህ ሁሉ።
የበራችን ደወል ዝም ብሏል ከፋሲካ፤
ሰሌዳው ተቃጥሎ፣ የሠራውም ፋብሪካ
ተዘግቶ።
አራተኛ ፎቅ ያለችው ድራሆሚራ
ቁልፏን ለነርሷ ትጥላለች፣ በካልሲ ቋጥራ።

ማሽኑ ግን የተፈጠረው ለወረቀት ነው፤
ከኋላ ይውጠዋል፣ በሆዱ ያዞረዋል፣
ወገቡን አጉብጦ በፊት ይተፋዋል።
ወረቀት ምን ገዶት፣ እሺ ብሎ ይታጠፋል።
መዳብ አይጎብጥም፤
ቢጎትቱት ቢገፉት ከአፉ አልፎ አይገባም።

«መንገዱን ላቅናለት» አለ። ይህን የሚለው ሰው
ሠላሳ አንድ ዓመት ኦስትራቫ፣ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ፣ ጎብጦ የኖረ ነው፤
የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነኝ።
ምንም አልተናገርኩ።

የመሳቢያዬን ሐዲድ ነቀለ፤ ማንኪያዎቼ ሜዳ ቀሩ።
ጣውላ አስተኛ በላዩ፤ ቀለም ረጪውን ጭንቅላት
ከፍ አደረገው አራት ሚሊ ሜትር፣ ቀለበት ከሥሩ ደርቦለት።
እንደ ጸጉር የቀጠነ መስመር ያላትን ጥብጣብ
ላብሳት ብል ጮኸብኝ፦ «ተይ! ዓይኑ እሷ ናት!»
ወረቀት መምጣቱን የምትጠብቅ አንዲት ምላስ ነበረች፤
የልብስ መቆንጠጫ አጎረሳት፤ አምና ዝም አለች።

መጀመሪያ ቀን ጭንቅላቱ ከመዳቡ ጠርዝ ተላተመ።
በሁለተኛው ጥቁሩ ቀለም እንደ እንባ ወረደ፤
ቢጫው ብቻ ያዘ። ለምን? እሱም አያውቅ።
የገና ብስኩቴን በምጋግርበት ምድጃ ሰሌዳ አበሰለ፤
ቤቱ እስከ እሑድ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

ማክሰኞ ማታ ግን
መዳቡ በአንድ በኩል ገባ፣ በሌላው ወጣ፣
ሳይጎብጥ፣ ሳይጫጫር፣ ቀጥ እንዳለ መጣ።
ቦሁሚር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤
እጁን በሱሪው ጠረገ።
ያልተቀባውን አሲድ በልቶ ጨረሰ።

ዛሬ ከሰዓት ደወሉ ጮኸ።
ሮጬ አነሳሁ፤ «ማነው?»
«እኔ ነኝ» አለ ከታች፣ ሳቅ አፍኖት፤
«ክፈቺልኝ፤ ጠረጴዛሽን ልመልስ።»
ከፈትኩለት።
እንደገና ደወለ።