መብራት እስኪመጣ

ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ወፍጮው ዝም ካለ፣
ጆንያው ከበር ጀምሮ እስከ መንገድ አለ።
ሉማሜ ላይ መብራት፣ እንደ አማት እንግዳ፣
ሳይነግር ይመጣል፣ ሲሄድ ጥሎ ዕዳ።

እኔም ከደጁ ላይ፣ ሚዛኔን ታቅፌ፣
እሰማለሁ ወሬ፣ አንዳንዴም ለፍልፌ።
ባሌ ቢተው ሲሞት የተወልኝ ሁለት፤
አንዱ ይኸ ወፍጮ፣ አንዱ የአፉ ስለት።
ማንም ሳይጠይቀኝ ሐሳብ እሰጣለሁ፤
ወረፋ የያዘ ሰው የት ይሄዳል ብያለሁ።

ስብሰባ ብትሉኝ፣ ተቀምጬ አይቻለሁ፤
ጠዋት "ለአንድ ሰዓት ነው" ተብዬ ሄጃለሁ፤
የምሳ ሰዓት አልፎ፣ ጥላ ሲዞር በሩን፣
አጨበጨብንና ረሳነው ነገሩን።
ጀነሬተር አስነሥቶ ስለ መብራት ያወራ
አንድ እንግዳ ነበረ፤ ድምፁ ብቻ በራ።

ማዳበሪያስ ብትሉ፣ ዋጋው ከበሬ በልጧል፤
ልየው ለአንድ ኩንታል ወይፈኑን ሸጧል።
መሬቱስ ይጠግባል፤ በምን ሊያርስ ነው ታዲያ?
በሬ አይበቅልም እኮ፣ ቢዘሩት ማዳበሪያ።

የድሮው ደግ ነበር ለሚሉም አልስማማ፤
በእጄ ፈጭቻለሁ፣ ሌሊት በጨለማ።
የእናቴን ክንድ እስክትሞት ሲያማት የኖረውን፣
ያ ደግ ያሉት ዘመን ነው የሰበረው፣ እሱን።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው፤
ጆንያ አውርደው ይሄዳሉ፣ አሥር ብር ስሰጣቸው።
ትከሻቸው ሰፍቷል፤ ባንታየሁን ግን ዛሬ
"ሰባት ጊዜ ስምንት?" ስለው፣ ጣቱን ሲቆጥር አፍሬ
ወደ ሚዛኔ ዞርሁ።

መንገድ ሲዘጋ ጨው ይወደዳል፤ ገባኝ።
ሲከፈት ለምን አይረክስም? ይህ ነው ግራ ያጋባኝ።
ማን ልክ ነው አትበሉኝ፤ ማታ በር ሲንኳኳ፣
የሚያንኳኳው እጅ አንድ ነው፤ አልጠይቅም እንኳ።

ወንዶች ከአረቄው ቤት አገር ሲያስተዳድሩ፣
ሚስቶች ከእኔ ደጅ ነው ጆንያ ይዘው የሚያድሩ።
ባለፈው ጥር የዳሩ፣ አራት ድንኳን የተከሉ፣
ዛሬ "በዱቤ ፍጪልን፣ ለፋሲካ" ይላሉ።

ባሕር ዳር ያለችው ልጄ "እማዬ፣ ዝም በይ" ትላለች፤
ኔትወርክ ባለ ዕለት እሱኑ ልትነግረኝ ትደውላለች።
ዝምታ ወርቅ ነው አሉ፤ ወርቁን ባገኘሁ ሸጬ፣
ጀነሬተር እገዛ ነበር፣ መች ልውል እንዲህ ተቀምጬ?

ከሁሉ የሚያበግነኝ፣ ወረፋ ዘልሎ የሚገባ፤
አገር የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ሚዛን ሲዛባ።
ዳኛ ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ ቢሆን የአክስቴ ልጅ፣
ቀድሞ ያልመጣ ሰው አይቀድምም ከእኔ ደጅ።

ይህን ሳልጨርሰው አምፖሉ ብልጭ ሲል፣
ድንጋዩ አጓራ፣ ሰው ተነሣ እልል።
ያን ጊዜ የሊቀመንበሩ ሚስት፣ ወይዘሮ የሻረግ፣
ነጭ ጤፏን አስጭና ገባች በማዕረግ።
ሰላም ብቻ አለችኝ፣ ሌላ ቃል አልወጣት፤
የንግድ ፈቃዴ ግን በሰኔ ያልቃል…
ቦታ ሰጠኋት።

ከትናንት ወዲያ ጀምራ ፊት የቆመችው እንጉዳይ
አየችኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ጣልሁ ወንፊት ላይ።
ወፍጮ ሲጮህ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤
የሚሰማ የለም፣ ማን ማንን ምን እንዳለው።

የሻረግ ፈጭታ ሄደች፣ ልየውም ቀጠለ፤
የእንጉዳይ ተራ ሲደርስ፣ ድንጋዩ ዝም አለ።

ከራሴ ዱቄት ሰፈርሁ፣ ሁለት ቁና ሞላሁ፤
"ለልጆቹ ራት" አልኋት፣ ዓይኗን ሳላይ ሰጠሁ።
ተቀበለችኝና፣ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ፣
"እትዬ አትጠገብ፣ መብራቱ እስኪመጣ
ያን የወረፋውን ነገር ጨርሺልን እንጂ" አለችኝ።