ግልባጭ

ደብዳቤው ከፌዴራል ተነሥቶ፣ በየቢሮው እየተመራ፣
ሰኞ ጠዋት እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ፣ እንደ አሞራ።
ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፤
«በየመንደሩ መብራት ይቁም፣ በየአሥር ምሰሶው አንድ ጥበቃ፤
ከዛሬ ጀምሮ ይፈጸም» ይላል፤ እዚያው ላይ አበቃ።

ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ ነው፤
የማህተሙ ሐምራዊ ክብ ብቻ ሰርጎ ይታያል።
አባሪ ፈለግሁ። ዋጋውስ? ዋጋው የት ገብቷል?

እኔ የወረዳ ሒሳብ ያዥ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት ድንበር።
ሃያ ሁለት ዓመት ሳንቲም ቆጥሬያለሁ፤
ዋጋ የማያስከፍል ትዕዛዝ ግን አንድም ቀን አላየሁ።

ስልክ ደወልኩ። «ወጪውስ?» አልኩ፣ ቃሌን አለዝቤ።
«በኅብረተሰብ ተሳትፎ» አለኝና ዘጋ፤ ወጣሁ ደረሰኜን ሰብስቤ።

ተሳትፎ ማለት እንግዲህ
ጎሚስታው ገመዳ ነው፣ እጁ በግራሶ የወየበ፣
ሦስት መቶ ብር ሰጥቶኝ ደረሰኙን ሁለቴ ያነበበ።
ተሳትፎ ማለት ወይዘሮ ዙሪያሽ ናት፣ ሽንኩርት በመደብ የምትሸጥ፦
«ለቦዩ አምና ከፍያለሁ፤ ጎርፉ ግን ዛሬም ቤቴ ነው የሚያመልጥ።»
ቆርቆሮ አጥሯን ተደግፌ ደረሰኝ ቆረጥኩላት፤
ካርቦኑ አርጅቷል፣ በቅጂው ላይ ስሟ እንጂ ብሩ አልወጣላት።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ምሰሶውን፣ ገመዱን፣ የጥበቃውን ካፖርትና ባትሪ፣ የዓመት ደመወዙን፣
አምፖል ሲቃጠል የሚተካበትን፣ ማንም የማያነሳውን፣
ደመርኩ። አንድ ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ፣ ሽርፍራፊውን ትቼ።
ደግሜ ደመርኩ፣ መነጽሬን አውልቄ፣ ዓይኔን አሽቼ።

መብራቱን አልጠላሁም፣ ልብ በሉ።
ልጄ ኦብሴ ከማታ ትምህርት በጨለማ ነው የምትመጣው።
መብራቱ ይብራ። ግን ዋጋው ይነገር፣
ይነገር ማን እንደሆነም የሚያወጣው።

ጠዋት በደብዳቤው ጀርባ፣ በነጩ ላይ፣ ሁሉን ዘርዝሬ ጻፍኩት፤
ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጀርባውን ወደ ሰው አዙሬ በአራት ሚስማር መታሁት።
አለቃዬ መጣ፣ አነበበ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።
«ማን ፈቀደልህ?» አለኝ።
ሰርጎ የወጣውን ማህተም በጣቴ ነካሁለት፣ እንዲያውቀው።

ከግርጌው፣ እንደ ደንቡ፣ ይህን ጨምሬያለሁ፦

ግልባጭ፦
ለአቶ ገመዳ፣ ጎማ ጥገና
ለወይዘሮ ዙሪያሽ፣ ሽንኩርት ተራ
ባሉበት።