ሁለት ባዳ

በርገን ይዘንባል፤ ሌላ ምን ያውቃል?
በቀኝ ጆሮዬ ጠጠር ይረግፋል፣
በግራው በኩል ወንዝ ይጎርፋል።

ቀኙ ሽቦ ነው፣ ከቅሌ ሥር የተቀበረ፤
ግራው ያው ጆሮ፣ በመርከብ ሞተር የደነቆረ፣
ማዳመጫ ነው ምርኩዙ፣ ሲከዳው የራሱ አቅሙ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤
እኔ ሁለት ባዳ አሳድራለሁ፣
የሚሰሙ እንጂ የማይስማሙ።

ራግንሂልድ ስትናገር
ቀኙ ቃሏን ያቀብላል፣ ጥርት አድርጎ፣
እንደ ደብዳቤ፣ ላኪው ያልተጻፈበት፤
ግራው ቃል አይዝም፤ ይዞ የሚመጣው እሷን ነው፣
ጉርምርምታዋን፣ ሳቋን፣ ሳል የተኛበት።

ትናንት እራት ላይ የግራው ባትሪ አለቀ።
«ዓሣው ጨው በዛበት» አለች አንዲት ሴት፣
አንድ ፊደል ሳታስቀር።
ቀና ብዬ ከንፈሯን አየሁ፣ ሚስቴ መሆኗን ላጣራ፤
አርባ ዓመት በልቻለሁ ከሷ ጋራ።

ባትሪ ቀየርኩ። «እስቲ ድገሚው።»
«ዓሣውን?»
«ዓሣውን።»
ደገመችው፤
ባዳዎቼ ለአንዴ ከአንድ ማዕድ ቀረቡ።

ማታ ሁለቱንም አውልቄ ሳጥናቸው ውስጥ አስተኛለሁ።
በጨለማው ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤
የምትለውን ግን አላውቅ።
ጠዋት ስጠይቃት፣
«ስለ ዝናቡ ነበር» ትላለች።