ውሃው አልፈላም

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጁ እምቢ ሲል፣ ሲጀማምር ጭቃ፣
ግማሹ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ገና ጤፍ የሆነ መንደር፣
ሆስፒታላችን አለ፤ እዚያ ነው የማድር።
ስድስት ማሞቂያ፣ ስድስት ትንሽ ደረት፣
ለሁለት ተረኛ። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሌላዋ ዓመት ዕረፍት።

አምስቱ ዛሬ በራሳቸው ይተነፍሳሉ።
በር አጠገብ ያለው ግን፣ የአያንቱ ልጅ፣
ስም የለውም ገና፤ ካርዱ የሚለው
«ወንድ። ሠላሳ ሳምንት። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ» ብቻ ነው።
ኮፍያው ካልሲ ነው፣ ጫፉ የተቋጠረ።
ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣
አጥንቱን አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ይቻላል።
ከአፍንጫው የተነሣው ቱቦ ዞሮ ዞሮ
ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ይገባል፤
ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

አያንቱ ቁስሏን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ መጣች፣
ጠርሙሱን አየችው፣ ደግማ ደግማ አየች።
«ሲስተር፣ ውሃው ፈልቷል። እሳቱ የት አለ?»
«አልፈላም» አልኳት፣ «ንኪው፣ ቀዝቃዛ ነው።
ሳንባው ገና ለጋ ነው፤ እንደ አዲስ ፌስታል
ጎንና ጎኑ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል።
ይህ አረፋ እስካለ፣ ትንሽ ክፍት ያድራል።»
«ዝም ካለስ?» አለችኝ።
«ዝም ካለ እጮሃለሁ።»

ጠርሙሱ ላይ መስመር አለ፣ በማርከር ያሰመርኩት፣
አምስት ሴንቲ ሜትር፣ በልጄ ማስመሪያ የለካሁት።
ውሃው ከዚያ ሲጎድል፣ ግፊቱ ይላላል፤
ሲያልፍ ደግሞ ያቺን ደረት ያስጨንቃል።
ኦክስጅንም እንደዚያው። ሲያንስ ይገድላል፣
ሲበዛ ዓይን ይወስዳል።
እግሩ ላይ የታሰረችው ቀይ መብራት
ዘጠና ስምንት ስትል፣ እኔ እቀንሳለሁ በጥቂት በጥቂት።
እናት ግን «ጨምሪለት» ትላለች፤
መልካም ነገር በዝቶ ይጎዳል ቢሏት፣ እንዴት ብላ ታምናለች?

የዛሬ ሁለት ክረምት ሌላ ሕፃን ነበር።
ያኔም መብራት ጠፋ።
ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፤ መፍቻው ግን የለም።
መፍቻው መሳቢያ ውስጥ፣ መሳቢያው ተቆልፎ፣
ቁልፉ ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኪስ፣
ሰውዬው ቃሊቲ፣ ቤቱ፣ ጋቢውን ደርቦ አርፎ።
ዘጠኝ ደቂቃ።
እሱም ካርዱ ላይ ስም አልነበረውም።

በማግስቱ የጫማዬን ክር ፈታሁ፣
መፍቻውን ከሲሊንደሩ አንገት ጋር አሰርኩ።
ንብረት ክፍል ደብዳቤ ጻፈብኝ፤ «ያለ ፈቃድ» ይላል።
ደብዳቤው ፋይሌ ውስጥ አለ።
ክሩም እዚያው አለ።

ዛሬ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ጠርሙሱ ዝም አለ።
ከጨለማው ይልቅ መጀመሪያ የደረሰኝ ያ ዝምታ ነው።
አልጮህኩም።
ውጭ ኦብሳ ጄኔሬተሩን ይሳደባል፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
አያንቱ ስልኳን አበራች፣ ብርሃኑን እጄ ላይ ያዘች፤
የእኔ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ የሷ አልተንቀጠቀጠች።
ክሩን አገኘሁት።
መፍቻው አንዴ ዞረ፤ ሲሊንደሩ እስስ አለ፤
ቱቦውን ነቅዬ ሰካሁ፣ በአፌ እየቆጠርኩ፣
ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣

ቡልቅ።

ከዚያ ምንም የለም።
ከዚያ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ።
አያንቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤
«እጮሃለሁ ብለሽኝ» አለች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች።

ሲነጋ ጤፉ ላይ ጉም ተኝቷል።
የአዳማ ከባድ መኪኖች ከሩቅ ያጓራሉ።
አያንቱ ጠርሙሱን በአንድ ጣቷ ነካች፣
«አልፈላም» አለች ለራሷ፣ «ቀዝቃዛ ነው።»

ሌሊቱን እጅ ሲነካካው መስመሩ ደብዝዟል።
ውሃ ጨመርኩ። ማርከሬን አወጣሁ፣ ደግሜ አሰመርኩ።
ለቀን ተረኛዋም በወረቀት ጻፍኩ፦
«በር አጠገብ ያለው። አምስት።
እንዳይጎድል።»