ከሲሚንቶ በፊት፣ ከሲሚንቶ በኋላ

የኅዳር ውርጭ ነበር። ጠባሴ ላይ ነግቶ፣
በባልዲ ያደረው ውሃ ቆዳ አውጥቶ።
ጋሽ ሸዋቀና ግን ካፖርቱን አውልቆ፣
ከወለሉ ጋራ ጉልበቱን አስታርቆ፣
ገመዱን ከጥቅልሉ እየፈታ ነበር።

ወይዘሮ አሰገደች አዋላጅ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ከሞላሌ መሐል ሜዳ በበቅሎ ሲውሉ፣
ስንቱን እርጥብ ራስ በሙቅ ጨርቅ ጠቅልለው፣
ጡረታ ሲወጡ፣ ጉልበታቸውን ብርድ ተከራየው።
ባና ደራረቡ፤ ከሰል ግን እንቢ አሉ፣
«ዘግተው ተኝተው የቀሩ አውቃለሁ» እያሉ።
ዕቁብ ሲደርሳቸው ገመዱን አስመጡ፤
«ጉልበቴን ሥሩልኝ» ብለው ቁልፉን ሰጡ።

ወለሉን ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገና፣
«ጠጠር ጥርስ አላት» አለኝ ጋሽ ሸዋቀና።
በቁምሳጥኑ ሥር ገመድ አላሳለፈ፤
«ሙቀትም ይታፈናል መውጫ ካጣ» ብሎ አለፈ።
እንደ ጎበዝ አራሽ ጥግ ደርሶ ሲዞር፣
ትልሙ ከትልም ሳይነካካ በአራት ጣት ሲሰደር፣
«ቢተርፍህ አትቁረጥ፤ ይኼ ሱሪ አይደለም፤
ያጠረ ማሞቂያ ራሱን ያነዳል እንጂ ቤት አያሞቅም።»
በጓሮው መረሬ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣
የሾለከ ጅረት የሚቆርጥ ብሬከር በሳጥኑ አሰረ።
ከዚያ ለካ። በበሩ መቃን ላይ በጠመኔ ጻፈ፦
ስልሳ አንድ። ከሥሩም፦ ወደ መሬት ምንም አላለፈ።
ተዘርግቶ ሲያልቅ ለካ። ያው ነው። ያንኑ ጻፈ።

ሲሚንቶውን እኔ ነኝ ያለበስኩት።
አንድ ቦታ ላይ አካፋው ገመዱን ሳም ሲያደርገው ሰማሁት።
ትንሽ ናት፤ የአይጥ ንክሻ። አየኋት፤ ሸፈንኳት።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ምሳ ደርሶ ነበር፤ ለማንም አልነገርኳት።

ከሰዓት፣ ሦስተኛው ልኬት። ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ ነው፤
የሥሩ ቁጥር ግን ወደቀ። አንድ ነገር እየሾለከ ነው።
ጋሽ ሸዋቀና መቃኑን አየ። ሜትሩን አየ። እኔን አላየም።
«እርጥብ እግር ይረግጠዋል» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።
መሮ አነሳና ያለሰለስኩትን ከጥግ ያፈርስ ጀመር፤
አንደኛው ትልም፣
ሁለተኛው፣
በየምቱ እኔ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰበር።
«አራተኛው መታጠፊያ ላይ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

መሮውን ሰጠኝ።
በቃ፣ ይኸው ነው ቁጣው።
ቁስሉን እኔው ቆፍሬ አወጣሁ፤ እሱ በመጋጠሚያ አሰረው፣
በጋለ ላስቲክ ሸበበው።
ሲሚንቶውንም እንደገና እኔው አለበስኩት፣
በእንጨት ማለስለሻ፣ በቀስታ፣ እንደ አራስ ልጅ እያባበልኩት።

ወይዘሮ አሰገደች ያን ማታውኑ ይብራልኝ አሉ።
«ሃያ ስምንት ቀን» አላቸው፤ «እርጥብ ሲሚንቶ በግድ ሲሞቅ ይሰነጠቃል።»
«እውነትህን ነው፤ ፅንስ እንኳ ቀኑን ይጠብቃል»
አሉና ባናቸውን ደረቡ።

ቀኑ ደረሰ። ማብሪያውን ሲጫኑት
መብራት ጠፋ፤ እኛ ቤት አይደለም፣ እስከ ገበያው፣ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ፤
እሳቸው በሳቅ ሲፈርሱ የጋሽ ሸዋቀና ፊት ከሰል መሰለ፣ ከረመ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጥቷል አሉ። ማንም አላየም።
ጠዋት ስንደርስ ነጠላ ጫማቸው በር ላይ ነው፤
እሳቸው መሐል ወለል ላይ፣ በባዶ እግር፣ ዝም ብለው ቆመው፤
ጣቶቻቸውን እየዘረጉ፣ እየሰበሰቡ።

ያ ቤት ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል።
መቃኑን ግን አላስነኩም።
ጠመኔው አሁንም አለ፦ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ፣
ጎን ለጎንም የወደቀችው ቁጥር፤
ጋሽ ሸዋቀና አላጠፋትም፣
በአንድ ቀጭን ሰረዝ ብቻ አለፋት።
በዚያ በኩል ሥራ ሲኖረኝ
ጎራ እላለሁ፤ ጫማዬን አወልቃለሁ፤
አራተኛው መታጠፊያ ላይ እቆማለሁ።