መብራት የሌለው ድልድይ

ማክሰኞ ሌሊት ነው ሸምሱን የያዙት፣
ከነባጃጁ ነው ጣቢያ የነዱት።
ከኋላ ወንበሩ ጆንያ ተሸጉጦ፣
ውስጡ የመብራት ሽቦ፣ ጎማው ተልጦ።
ባለጆንያውንማ ጨለማ ዋጠው፣
ሾፌሩ ቀረላቸው፣ ስሙን ያልጠየቀው።

እኔ በዚያች ሌሊት ፈረቃ ነበርኩ፣
ከጨርቃጨርቁ ቤት ድውር እየቀጠልኩ።
ስልኬ ቁም ሳጥን ውስጥ አሥራ አንዴ አልቅሶ፣
ሲነጋ አየሁት፣ ባትሪው ሊሞት ደርሶ።

ሐሙስ ችሎት ዋልን። መርማሪው ቆመና፣
አሥራ አራት ቀን አለ፣ «ያልቀረበ ምስክር አለና።»
ዳኛው አሥር ሰጡት። ሸምሱ ሲወጣ ዐየኝ፤
የግራ ነጠላ ጫማው የሌላ ሰው ነበር፣ ከሁሉ ይህ ገደለኝ።

ዘመድ ተሰበሰበ፤ ምክሩ ተዥጎደጎደ፣
ወደ ኪሱ ግን የማንም እጅ አልሄደ።
አጎቴ ኑርዬ፣ «ካዲሳባ ይምጣ፣
ካገር ቤት ጠበቃ ምን ነገር ሊወጣ!
መኪናው የሚያበራ፣ ከረባቱ ቀይ፣
እንደዚያ ያለ ነው እንጂ ለዚህ ጉዳይ!»

ከፍርድ ቤቱ በር ደግሞ አንድ ደላላ፣
ጥርሱን እየፋቀ መጣ ከበስተኋላ፦
«እኅቴ፣ ሕጉን ተይው፣ ሰው ነው የማውቀው፣
ሠላሳ ሺህ ስጪኝ፣ ማታ ነው የማስፈታው።»
ማታ የፈቱት ሰው ጠዋት ይታሰራል፤
አውቃለሁ ይህንን። እጄ ግን የቦርሳዬን ዚፕ ይዟል።

በማግሥቱ ሐረጎን ወጣሁ፣ ጉም ተኝቶበት፣
ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር የዕቁቤን ብር እየዳሰስኩት።
ደሴ፣ ፒያሳ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት በላይ፣
የሚያቃስት ደረጃ፣ ታፔላው ፊደሉ ለቆ ሲታይ።
ጠበቃ ደምሌ ይማም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፎ፣
ግንባሩ ላይ ሰቅሎት መነጽር ይፈልጋል፣ ፋይሉን ሁሉ አራግፎ።
እውነቱን ልናገር፣ ልመለስ ነበር።

«ቃል ሰጥቷል?» አለኝ። «ፈርሟል፣ ሳያነበው፣ እንቅልፍ ጥሎት።»
ከንፈሩን ነክሶ ጻፈው። «ምስክሩስ ከየት ቆሞ ዐየው? በስንት ሰዓት?»
«ከድልድዩ ማዶ፣ ከጎሚስታው ደጅ። ከሌሊቱ ስምንት።
ፊቱን ለይቻለሁ ብሏል፣ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር፣ ያንን ምልክት።»
ብዕሩ ቆመ።
«የቱ ድልድይ? የቦርከናው?» «አዎ።» «ከጎሚስታው ፊት?»
«አዎ።» «እዚያ ሰፈር ነው እኮ እኔ የተወለድኩት።
ባለፈው ለቅሶ ስወርድ በስልኬ መብራት ነው የተሻገርኩት።»

አንቀጽ እንደሆን አዲሳባም አያጣም፣
የእኛን ድልድይ ጨለማ ግን ከመጽሐፍ አያወጣም።

«አስፈታዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አለ።
«ዋስትና እጠይቃለሁ፤ ቢከለክሉንም ይግባኝ አለ።
ነገ ጣቢያ ወርጄ አየዋለሁ። እስከዚያ፣
ስንቅ ስታደርሺ ንገሪው፦ አንዲት ቃል እንዳይጨምር እዚያ።»
ዝም! ሸምሱ! ሳይጠይቁት የሰፈሩን ወሬ የሚያዘንብ፣
ለቀጣው ትራፊክ እንኳ ቀልድ የሚያቀርብ!

ግማሹን ከፈልኩ። ቀሪው በየወሩ።
ደረሰኝ ቆረጠልኝ፤ ደላላው ትዝ አለኝ፣ ደረሰኝ ቢጠየቅ ምን ይሆን ምክሩ።

ማታ ስመለስ ድልድዩ ጋ ወረድኩ።
አንድ፣ ሁለት… ሰባት ምሰሶ ቆጠርኩ።
አንዱም አይበራ። በሐምሌ ሽቦውን ቆርጠው ወስደውታል፤
ከፈረቃ ስመለስ፣ ድንጋይ ጨብጬ፣ ያን ሌባ አፌ ስንቴ ረግሞታል።
እጄን ዘረጋሁ፣ ጣቶቼን ልቆጥር፤
አልታዩኝም ነበር።
ከማዶ፣ ከጎሚስታው ደጅ፣ አንድ ሰው ቆሟል፣
ወንድ ይሁን ሴት፣ ጨለማው ይዞታል።
ሳል ሰማሁ። ፊት አላየሁም።
እንዲህ ደስ ብሎኝ ጨለማ ውስጥ ቆሜ አላውቅም።